የማያዘነብለው ጋሪ

«ታዲያ የወንድምሽ ፈጠራ የቱ ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ካሜራ ከመንደሪኑ ቅርንጫፍ እያላቀቀች።

ሚናሞ የፍሬ መቁረጫ መቀሷን እንደያዘች ቀና አለች። እርከኑ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። እንግዳዋ አንድ እግሯን ድንጋይ ካቡ ላይ፣ ሌላውን አፈሩ ላይ አድርጋ እንደምንም ቆማለች። ነጭ ጫማዋ ከእንግዲህ ነጭ የሚባል አይደለም።

«የምን ፈጠራ?» አለች ሚናሞ።

«የሹሄይ ነዋ! ያ ዳገት ሲወጣም ቁልቁለት ሲወርድም የማያዘነብለው ጋሪ። እህቱ አይደለሽም እንዴ? አፍንጫችሁ እኮ አንድ ነው።» ሴትዮዋ ሳቀች። «ኦኪሙራ እባላለሁ፤ ከኦሳካ ነው የመጣሁት። ወንድምሽ ሚያዝያ ላይ እኛ ድርጅት ሥራ ይጀምር የለ? ስለ አዲስ ገቢዎቹ ለመጽሔታችን እየጻፍኩ ነው። ለፈተና ቀርቦ ስለ ጋሪው ሲያስረዳ አለቆቼ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት። ዕድሜያችንን ሙሉ ለፋብሪካ የዕቃ ማጓጓዣ ቺንጋ ስንሠራ የኖርን ሰዎች፣ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መጥቶ…»

ሚናሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። የሴትዮዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያታል፣ ቃሉ ግን አይደርሳትም። እጇ ብቻ ራሱን ችሎ ተነሣና ከታች ወዳለው ሐዲድ ጠቆመ።

«ያውልዎት» አለች።

በነሚናሞ ሰፈር መንደሪን የሚበቅለው ፍየል እንኳ ቆም ብላ በምታስብበት ገደል ላይ ነው። ፍሬው በሰው ጀርባ መውረዱ ከቀረ ቆይቷል። ከታችኛው መንገድ እስከ ላይኛው እርከን ጥርስ ያለው ነጠላ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ትንሽ ሞተር ጋሪውን እየጎተተች በአሮጊት እርምጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ክፋቱ ጋሪው ሐዲዱን ተከትሎ ማዘንበሉ ነበር። ገደሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳጥኖቹ በገመድ ቢታሰሩም ይንሸራተታሉ፤ ፍሬው ተንዶ እርስ በርሱ ይጨፈላለቃል። የተጨፈለቀ መንደሪን ደግሞ የፍሬ መለያ ቤቱ ቺንጋ ላይ ሲደርስ ሠራተኞቹ አንሥተው ለጭማቂ ነው የሚጥሉት።

ለሚናሞ መላ የታያት በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ነው። ከተማ ሄደው፣ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ጣራ ላይ ባለው ትልቅ የመዝናኛ መንኮራኩር ተሳፍረው፣ ጓደኞቿ ሲጮኹና ፎቶ ሲነሡ እሷ ወለሉን ስታይ ቆየች። መንኮራኩሩ ይዞራል። እነሱ የተቀመጡበት ክፍል ግን ከላይ ስለተንጠለጠለ ወለሉ ዝንፍ አይልም። «ምን ወደቀብሽ?» አሏት። «ምንም» አለች። ማታ ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ዘው ብላ ወደ ሹሄይ ክፍል በመሮጧ እናቷ የጮኸችባት ጩኸት እስከ ጎረቤት ተሰምቷል።

ሹሄይ ያኔ አልሳቀባትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ እሱ ግን እስክትጨርስ አዳምጦ «በይ እንሞክረው» አላት። ብረቱን ወደሚማርበት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወስዶ የበየደላትም እሱ ነው። የቀረውን፣ ማለትም ሥዕሉን፣ ልኩን፣ ወለሉ የሚንጠለጠልበትን ዘንግ፣ ሲወዛወዝ የሚያረጋጋውን ከአሮጌ ብስክሌት የተነቀለ ፍሬን፣ የነሐሴን ዕረፍት ሙሉ ስትፈታና ስትገጥም የከረመችው ራሷ ናት። የሠራችው ለአያቷ ነበር። አያቷ ቶኩጂ የወደቀ ፍሬ ለመልቀም ባጎነበሱ ቁጥር ቀና ለማለት የሚወስድባቸውን ጊዜ ማየት ሰልችቷት።

መስከረም ሲገባ ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ልትልከው ተዘጋጀች። የከለከላት ሹሄይ ነው።

«ገና አልበሰለም፣ ሚና» አላት። «አሁን ብታቀርቢው ይስቁብሻል። ለከርሞ ይድረስ። ለራስሽ ብዬ ነው።»

አመነችው። በዚያው ወር ለሥራ ፈተና ወደ ኦሳካ ሲሄድ ሸሚዙን የተኮሰችለትም እሷ ናት።

ሹሄይ ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥሮ፣ እያፏጨ ከታች መጣ። እንግዳዋን ሲያይ ፉጨቱ ተቋረጠ።

«ከሰዓት… ከሰዓት አልነበር የተባባልነው?»

«አውቶቡሱ ቀድሞ አደረሰኝ፤ ምን ላድርግ!» አለች ኦኪሙራ። «ግድ የለም፣ እህትህ እያስጎበኘችኝ ነው። እስኪ ከመጀመራችን በፊት ባሕሩን አንድ ሁለት ላንሣ።»

ካሜራዋን ይዛ ወደ እርከኑ ጫፍ ሄደች። ሚናሞ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ዞረች። ሹሄይ ተከተላት።

«ሚና፣ መጀመሪያ ስሚኝ…»

«ገና አልበሰለም?»

«እሱን ተይው…»

«ይስቁብሻል አላልከኝም፣ ጋሼ? ሳቁ ታዲያ?»

ሹሄይ የምሳውን ቋጠሮ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሆን ብዬ አይደለም፣ እሺ? ሰዎቹ በራስህ የሠራኸው ነገር አለ ወይ ብለው አፋጠጡኝ። ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።»

«እኔን አትላኪው ስትለኝ እኮ ገና ፈተና አልሄድክም ነበር።»

የሹሄይ ጆሮ ቀላ። ውሸት ሲያዝበት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቀላው ጆሮው ነው።

«እሺ፣ አስቤበት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ልበልሽ? ከክፍሌ ልጆች ግማሾቹን እኮ ማንም ድርጅት አልፈለጋቸውም። አንቺ ገና አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። ነገ ሌላ ትሠሪያለሽ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ጭንቅላትሽ እንደዚያ ነው። እኔ አንድም የለኝም።»

«ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?»

«እምቢ ብትዪኝስ?»

እሺ ትለው ነበር ወይስ እምቢ? አታውቀውም። ምናልባት ትሰጠው ነበር። የሰጠችው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዛሬ ከሴትዮዋ ጎን ቆማ «ጎበዝ ነው ወንድሜ» እያለች በኩራት ታወራ ነበር። እሱ ግን ከእጇ ሳይቀበል ከጀርባዋ ወሰደው። ያንገበገባት ይሄ ነው። እንባዋ መጣ፤ በጓንቷ ስትጠርገው አፈሩ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ልጆች፣ እንግዳ አቁማችሁ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። አያታቸው ባዶ ሳጥን ይዘው ከላይኛው እርከን እየወረዱ ነበር።

«አባባ!» ሚናሞ ሮጣ ሄደች። አሁን ሁሉ ነገር ቦታውን የሚይዝ መሰላት። «ጋሼ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ? ጋሪውን የራሴ ነው ብሎ…»

«አውቃለሁ» አሉ አያቷ።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራውን ያገኘ ለት ነግሮኛል።»

ያን ዕለት ቤት ውስጥ በቀይ አደንጓሬ የተቀቀለ የደስታ ሩዝ ተበልቷል። ሚናሞ ሁለቴ አስጨምራለች። አያቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ይህን ሁሉ እያወቁ፣ «ብዪ እንጂ የኔ ልጅ» እያሉ ሳህኗን ሲሞሉላት ነበር። የወንድሟስ እሺ፤ የሳቸው ግን ከየት እንደመጣባት አላወቀችም። ለሳቸው ወገብ ብላ የሠራችው ጋሪ!

«አንድ ቤት ነን፣ ሚና» አሉ ቀስ ብለው። «የሱ ጊዜ አሁን ነው፤ ያንቺ ገና ይመጣል። በማንም ስም ቢጻፍ ጋሪው የኛው ነው። ለዛሬ ዋጥ አድርጊው። ለኔ ስትዪ።»

«እናንተ ዋጡት» ልትላቸው አሰኛት። አያቷን እንዲህ ብላ ተናግራቸው አታውቅም፤ ዛሬም አልወጣላትም።

«ዝግጁ ናችሁ?» ብላ ተጣራች ኦኪሙራ።

ሹሄይ ሞተሯን ለማስነሣት ወረደ። አያቷ ሳጥኖቹን መጫን ጀመሩ። ሚናሞ ከጋሪው ጎን ቆማ ፍሬኑን የያዘውን ብሎን ታየዋለች። እሱ ብሎን ትንሽ ቢላላ ወለሉ ገደላማው ቦታ ላይ ሲደርስ ይወዛወዝና ሳጥኖቹን በሙሉ ይዘረግፋል፤ ያውም ካሜራ ፊት። ያኔ ጋሼ ምን እንደሚል እናያለን። ጣቶቿ ብሎኑን ያዙት። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር መዞር የሚያስፈልገው።

ለቀቀችው። ደግነት ይዟት አይደለም። ጋሪው የሷ ነው፤ በሰው ስም ተጠርቶ እንኳ ቢሆን በሰው ፊት እንዲዋረድባት አልፈለገችም።

ሞተሯ ተንተፋተፈችና ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ወደሚቆምበት ቦታ ሲደርስ ከሥር ያለው ብረት ሽቅብ ተቀሰረ። ወለሉ ግን በሁለቱ ክንዶቹ ተንጠልጥሎ፣ ቤት ውስጥ እንዳለ ገበታ ለጥ ብሎ ቀረ። አንዲት መንደሪን አልተነቃነቀችም። ኦኪሙራ እንደ ሕፃን እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሚናሞም፣ ያን ሁሉ ንዴት ይዛ፣ ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ የባሰ ተናደደች።

«አቁመው፣ አቁመው!» አለች ኦኪሙራ። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፤ ከጎን አየች። «የሚገርም ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዘንጉ መሐል ላይ አይደለም፤ ወደ ታችኛው ጫፍ ተጠግቷል። መሐል ላይ ቢሆን አይሻልም ነበር?»

«እሱ… ለሚዛን ነው» አለ ሹሄይ።

«እሱማ ገብቶኛል። ሚዛን ከሆነ እኮ መሐል ነበር የሚሆነው። ለምን ወደ ታች?» እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው። ክፋት የለባትም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሹሄይ ዘንጉን አየ፣ ሳጥኖቹን አየ። ከዚያ ሚናሞን አየ። ጆሮው እንደገና ቀልቷል። አያቷም እያዩዋት ነው። የሁለቱም ዓይን የሚለምናት አንድ ነገር ነው፤ ለሹሄይ ጠጋ ብላ ሹክ እንድትለው፣ ወይም «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ነገሩን እንድታድበሰብሰው። ቀላል ነበር። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ባለው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ መጽሔቱ ይወጣል፤ ሹሄይ ሚያዝያ ላይ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ጋሪ ባለፈ ቁጥር እሷ ፊቷን ማዞር ሊኖርባት ነው።

«መጀመሪያ መሐል ላይ ነበር ያደረግኩት» አለች ሚናሞ።

የኦኪሙራ እስክሪብቶ ባለበት ቆመ።

«አባባ የማዳበሪያ ከረጢት ጭነውበት ስንሞክረው ሁሉንም ገለበጠብኝ። ልኬን ደጋግሜ አየሁት፤ ትክክል ነው። ግራ ገባኝ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አባባ ሲጭኑ አየኋቸው።» ወደ አያቷ አልተመለከተችም። «ወገባቸውን ያማቸዋል። አያመኝም ይላሉ እንጂ ያማቸዋል። ከረጢትም ይሁን ሳጥን፣ ወደ ላይኛው በኩል ሦስተኛውን አሻግረው ማድረስ ስለሚያቅታቸው ሁልጊዜ ከታች በኩል ሦስት፣ ከላይ በኩል ሁለት ነው የሚደረድሩት። እሳቸው አጫጫናቸውን እንዲለውጡ አልፈለግኩም። ስለዚህ ዘንጉን ለወጥኩት።»

ኦኪሙራ የተጫኑትን ሳጥኖች በዓይኗ ቆጠረች፤ ከታች ሦስት ከላይ ሁለት ናቸው። አያትየው ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩና መልሰው አደረጉት። ሹሄይ ማንንም አላየም።

«ይቅርታ» አለች ኦኪሙራ ቀስ ብላ፣ አንዴ ወደ ልጁ አንዴ ወደ ልጅቱ እያየች። «ታዲያ እኔ… ይሄን የማን ብዬ ነው የምጽፈው?»

ሚናሞ ከወለሉ ሥር ያለውን ብረት በጣቷ ዳበሰች። ስለ መስከረም ልትናገር ትችል ነበር። ስለ ሸሚዙም፣ ስለ ሩዙም።

«ብየዳው የወንድሜ ነው» አለች። «ጥሩ ብየዳ ነው፤ እስካሁን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እሱንም ይጻፉት።»

ከዚያ ባዶ ሳጥን አነሣችና ፍሬው ገና ወዳልተለቀመበት ወደ ላይኛው እርከን ወጣች።