አራተኛው አንደኛ ሥራ

«ተዪው እሱን! ከአሁን ጀምሮ አንደኛ ሥራችን ድምፁ ነው» አለ አለቃ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ እያወዛወዘ። «አውቶቡሱ ራሱ ሲያወራ አስቢው! ዳኞቹ ያብዳሉ።»

ልጅቷ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም። የኮምፒውተር ክበቡን የሚመራውን ይህን ልጅ «አለቃ» ያሉት ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን ማዕረግ አድርጎ ለበሰው። ሰኞ አንደኛው ሥራ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲዘገይ ለወላጆች የሚላከው መልእክት ነበር። ማክሰኞ አንድ ቪዲዮ አይቶ መጣና አንደኛው ካርታ ሆነ። ትናንት ደግሞ ዓርማ! ቀለም ሲያማርጥ ዋለ፣ ጉድ እኮ ነው። አሁን ግማሽ መልእክት፣ ግማሽ ካርታና ግማሽ ዓርማ ይዘው ነገ ለውድድር መድረክ ሊወጡ ነው።

እሷን ውድድሩ አላስጨነቃትም። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ ሲቀር፣ ታናሽ ወንድሟ ዝናብ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አምሽቶ እስካሁን ያስለዋል። ርእሰ መምህሯ ደግሞ «ነገ ሲሠራ ካየሁት በሁሉም አውቶቡሶች ላይ እናስጀምረዋለን» ብለዋል። አውቶቡሱ ሲበላሽ ሾፌሩ ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ለእናቶች መልእክት ይደርሳል፤ በቃ።

«መልእክቱ እኮ ገና አይላክም» አለች።

«እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ ትለጣጥፊዋለሽ። ዋናው ፍጥነት ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ጭራሽ ተረት ጀመርሽልኝ? ድምፁን ካልሠራሽ ነገ መድረክ ላይ አትወጪም። አለቀ!»

ቀና ብላ አየችው። ለነገው ፎቶ ፀጉሩን ከወዲሁ ተስተካክሎ መጥቷል። ናቀችው፤ ከልቧ ናቀችው። ይበልጥ የናቀችው ግን ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር «እሺ» እያለች የጀመረችውን ስትጥል የከረመችውን ራሷን ነበር።

«እንግዲያው አልወጣም» አለች። «አንተ ውጣና አውቶቡሱን ወክለህ አውራ።»

አለቃ ሊስቅ ሞከረ፤ የሚያጅበው አላገኘም። ከጠረጴዛው ማዶ ካርታውን ሲሠራ የነበረው፣ «መነጽር» የሚሉት ዝምተኛ ልጅ ካርታውን ዘጋ። ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና ስክሪኗን አየት አደረገ።

«የት ጋ ነው እምቢ የሚለው?» ሲል ጠየቃት።

በጣቷ አሳየችው። አለቃ አሁንም ከኋላቸው ቆሞ ስለ ድምፁ ያወራል።

«ይሄ ሳይላክ ሌላ ምንም አንነካም» አለች፣ ዞር ብላ ሳታየው።