ሌላ ሰው ይመርምርልሽ

ጤነኛ ወንድ ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር ስለ ፕሮግራም ስም ብቻ ሰባት ወር ሙሉ ይከራከራል? አያቷ ነገሩን ቢያወጡት ቢያወርዱት መልስ አጡለት።

የልጅ ልጃቸው ለማንም በነጻ የሚታደሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እያሰናዳች ወደ አንድ የጋራ ማከማቻ ትልካለች። ደመወዝ የለውም፤ ደንብ ግን ሞልቶታል። የፕሮግራሙ ስም በትንንሽ ፊደል ብቻ ይጻፋል፣ ቃላቱ በሰረዝ ይያያዛሉ፣ የሌላውን ስም መውሰድ ክልክል ነው። ይህን የሚመረምርላት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነው ቀጭኑ ልጅ ነው። የተዋወቁት ቻርጀሯ ተበላሽቶባት ሱቁ የገባች ቀን ነበር።

«ዛሬም መለሰብኝ» ትላለች፣ እየሳቀች።

«ደግሞ ምን ጎደለው?»

«አንድ ሰረዝ፣ እማማ።»

«በሰረዝ የሚያስቅ ወንድ? ከነገሩ ጦም እደሩ።»

አንድ ቀን አያቷ ደህናውን ሬዲዮ ይዘው ሊሰልሉት ሄዱ። ልጁ ፈታታው፣ አቧራውን ጠረገው። «ምንም አልሆነም፣ እናቴ» አለ። ከዚያ ዓይኑን ከሬዲዮው ሳያነሣ፣ «እሷስ ደህና ናት?» ሲል ጠየቀ። የማን አያት እንደሆኑ ማን ነገረው? ጥርጣሬያቸው ባሰ።

ዛሬ ግን ልጅቷ አልሳቀችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል።

«ምን አለሽ?»

«‹ስሙ ልክ ነው። ከእንግዲህ ያንቺን ሥራ ሌላ ሰው ይመርምርልሽ።› በቃ፣ ይኸው ነው።» ስክሪኑን ወደ አያቷ አዞረችው። «ሰለቸሁት መሰለኝ።»

«አላልኩሽም?» አሉ አያቷ። ሆኖም ያ «እሷስ» የሚለው ቃል ከጆሯቸው አልወጣ አለ። «ቆይ እስኪ፤ መርማሪ መቼ ነው ለሌላ የሚያስረክበው? ደንባችሁ ምን ይላል?»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሲታመም። አገር ሲለቅ። ወይ ደግሞ የፕሮግራሙ ባለቤት በጣም የሚቀርበው ሰው ከሆነ… እንዳያዳላ ተብሎ…»

አልጨረሰችውም።

«አልታመመም» አሉ አያቷ። «የትም አልሄደም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አይቼዋለሁ።»

«በየቀኑ ታዪዋለሽ እንዴ?»

«መስኮት ታዲያ ለምን ተሠራ?»

በልጅቷ ፊት ላይ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር አለፈ። ተነሣች። ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ፣ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ መንገዱን ልትሻገር ወጣች።