ላንድሮቨሯ ከመንጌ መልስ

ሙርሳል የአጥሩን ቆርቆሮ በቡጢ ሲደበድብ፣ ደባልቄ ላንድሮቨሯ ሥር በጀርባው ተጋድሞ ዘይት የምታንጠባጥብበትን ቦታ በጣቱ ይፈልግ ነበር። ነሐሴ 1987፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አሶሳ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ወርዶ ገና አሁን ነው ትንፋሽ የወሰደው።

«ደባልቄ! ክፈት! ሀምዲያ አፈር በላው!»

ደባልቄ ተስቦ ወጣ። ሙርሳል ለደባልቄ መሥሪያ ቤት አጥር ሸመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ የሚያቀርብ የበርታ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ይተዋወቃሉ። እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ቆሟል። ነገሩን በተሰባበረ አማርኛ በቁርጥራጭ ተናገረ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመንጌ ማዶ፣ ሴቶቹ ወርቅ የሚያጥቡበት ጉድጓድ ተደረመሰ። ሁለት ሴቶች እዚያው ቀሩ። እህቱን ሀምዲያን ግን አወጧት፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች በድንጋይ ተጨፍልቋል። በቃሬዛ መንጌ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ አደረ።

«አሶሳ ካልሄደ እህቴ ይሞታል። መኪና አምጣ አለች፣ ነርሷ። ያንተን አምጥቼ ነው የምሄድ።»

ደባልቄ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው። መካኒክነትን ያስተማረው የለም፤ የሠፈራው ትራክተር ሲፈታ እያየ፣ ሲገጠም እየሰማ ተማረ። ላንድሮቨሯንም ከጥራጊ ብረት ክምር ውስጥ አጥንቷ ብቻ ሲቀር አገኛትና ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ሠራት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ማንጎ ሥር ይቀመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከባምባሲ የሚመጣው መኪና ገና ኩርባው ላይ ሳለ «ኢሱዙ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ናፍጣ ሞተር ለሱ ወፍጮ ነው። ቶዮታን ደግሞ «ጥሩ ነው፣ መንገድ ላለው ሰው» ይለዋል። የላንድሮቨሯ የሙቀት መለኪያ ከሞተ ቆይቷል፤ አላሠራውም። ጆሮ ያለው ሰው መለኪያ ምን ያደርግለታል ባይ ነው።

መኪናዋን ከግቢ ሲያወጣ ገቢሳ፣ የአዲሱ ክልል ቢሮ ሾፌር፣ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ደባልቄ፣ በዚህ ጭቃ ይህን ሙዚየም ይዘህ ወዴት ነው?»

«መንጌ፣ በሽተኛ ላመጣ። ያንተዋ ቶዮታ ለምን አትሄድም ታዲያ?»

የገቢሳ ሳቅ ጠፋ። «ኃላፊው ካልፈረመ ከግቢ አላወጣትም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው።» ወደ ቶዮታው ሄዶ የመጎተቻ ገመድና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ተመለሰ፤ ከኋላ ወረወራቸው። «አትጣደፍ። አንተ ስትጣደፍ አትሰማም።»

ከተማዋ ወዲያው አለቀች። ቀዩ መንገድ ከዝሆኔ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጎማዎቹ እንደ ሳሙና ይንሸራተታሉ፤ ደባልቄ መሪውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዘላል። ዝናቡ ተመልሶ ወረደ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ አንድ ጎኗ ቦይ ውስጥ ተኛ። ሙርሳል ሳይነገረው ሸመሉ ውስጥ ገብቶ በገጀራ ቆረጠ፣ ከጎማው ሥር አነጠፈ፣ ትከሻውን ለኋላው በር ሰጠ። አራት ጊዜ ሰመጡ፤ አራት ጊዜ ወጡ።

ከመንጌ በፊት ያለው ወንዝ ጉልበት ድረስ ነበር። ደባልቄ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ።

«ምን ትሠራለህ? ዝም ብለህ ሂድ!» አለ ሙርሳል።

«ቺንጋውን ልፍታ። ይህ ጎማ ቀበቶ ነው ማራገቢያውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው። ካልፈታሁት ማራገቢያው ውሃ እየረጨ ሞተሩን ያጠፋዋል። ማዶ ስንደርስ መልሼ አስረዋለሁ።»

ፈታው፤ አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ተሻገሩ፤ መልሶ አሰረው። ለዚህ ለጉልበት ውሃ መፍታቱ አያስፈልግም ነበር። ደባልቄ ግን ወንዝ አይቶ ቺንጋ ሳይፈታ አልፎ አያውቅም።

መንጌ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ሸዋሉል ከጎጃም ተመድባ የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። ሀምዲያን ከአልጋ ወደ መኪናዋ ሲያነሷት ከተጨፈለቀው እግር ደም ፈነዳ። ሸዋሉል ጭኗን በጨርቅ ጠፍራ፣ በእንጨት ጠምዝዛ አሰረችው። ከዚያም እስክሪብቶ አውጥታ ፋሻው ላይ ጻፈች፦ 5፡30።

«ስሙኝ» አለች። «ይህ ማሰሪያ ከተፈታ ደሟ ያልቃል። ታስሮ ከሦስት ሰዓት ብዙ ካለፈ ደግሞ እግሩ ይሞታል። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ስመጣ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ» አለ ደባልቄ። «ያነጠፍነው ሸመል እንዳለ ነው። በሦስት ሰዓት አገባታለሁ።»

«እንዳፍህ ያርግልህ።»

ሀምዲያ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ከኋላ ተጋድማ የሸራውን ጣሪያ ታያለች፤ አትጮህም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ጭን ደርሷል። ቀለሙ እንደ ረጋ ደም ነው፤ ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል። አሁን መፍታቱ የግድ ነበር። ደባልቄ ቺንጋውን ፈታ፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ የዝናብ ልብሱን ከላይ ቆለፈ። ሙርሳል ረጅም ዘንግ ይዞ የወንዙን ወለል እየወጋ ቀደመ። ላንድሮቨሯ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመች ተከተለችው።

መሐል ላይ ሳሉ ደባልቄ አንድ ግንድ አየ። ሌሎቹ ግንዶች ሁሉ ይወርዳሉ። ያኛው ወንዙን አቋርጦ ይመጣል።

«ሙርሳል! አዞ! ወደ እኔ ና!»

ሞተሩ ድምፁን ዋጠው። ደባልቄ ነዳጁን እስከ ታች ረገጠ። ላንድሮቨሯ ውሃውን ሰንጥቃ በሰውየውና በአውሬው መሐል ገባች። በሩ ላይ እንደ መዶሻ ያለ ነገር አረፈ፤ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ጎበጠ። ሙርሳል ዘንጉን ጥሎ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ፣ ተንጠለጠለ፣ እግሩ ውሃውን እየጠረገ ተጎተተ። የፊት ጎማዎች አሸዋ ነከሱ። ወጡ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙርሳል፣ አሸዋው ላይ ወድቆ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ ደረቀ።

ሦስት ሰዎች ከሣሩ ውስጥ ወጥተው መንገዱን ዘግተዋል። ሦስቱም ጠመንጃ ይዘዋል። ፊተኛው የተቀዳደደ የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ አጠገባቸው የታሠሩ ከረጢቶች ተከምረዋል።

«አጥፋው!» አለ ባለ ካፖርቱ።

ደባልቄ አላጠፋም። «ወንድሜ፣ በሽተኛ ይዣለሁ።»

«ውረዱ። መኪናዋ እስከ ድንበር ትፈለጋለች።»

ሙርሳል እጁን ዘርግቶ በበርታ ቋንቋ ተናገረ፣ በአረብኛ ለመነ፣ በአላህ ማለ። አንደኛው የኋላውን ሸራ ገልጦ ሀምዲያን አየ፤ ፊቱን አዙሮ ሸራውን ለቀቀው። ለባለ ካፖርቱ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«እሷንም አውርዷት» አለ ባለ ካፖርቱ።

ደባልቄ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «እመ ብርሃን፣ ያንቺው ነኝ።» ከዚያም ለሙርሳል «ግባ!» ብሎ ጮኸ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ከረጢቶቹን ረግጣ ዘለለች፤ ባለ ካፖርቱ ወደ ሣሩ ተወረወረ፤ ሙርሳል ከኋላ ዘሎ ገብቶ በደረቱ ተጋደመ። ተኩስ። አንድ ጥይት ከሀምዲያ በላይ ሸራውን በስቶ አለፈ፤ ሌላው ከደባልቄ ጆሮ አጠገብ ብረት መታ።

ነዳ። ወደ ኋላ ሳያይ፣ ማርሽ እየቀያየረ፣ በሸመሉ ንጣፍ ላይ እየተንገጫገጨ ነዳ። ጆሮው ውስጥ ተኩሱ ይጮሃል። ያ ከኩርባ ማዶ አንድ ሲሊንደር የሚለየው ጆሮ አሁን ከዚያ ጩኸት በቀር የሚሰማው የለም።

መጀመሪያ የነገረው አፍንጫው ነበር። የተቃጠለ ቀለም ሸተተው። ሞተሩ አቅም አነሰው፤ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ፈነዳና ላንድሮቨሯ ዳገቱ እግር ላይ ቆመች።

ኮፈኑን ሲከፍት ትኩሳቱ ወደ ኋላ ገፋው። ራዲያተሩን አየ፤ ጥይት አልነካውም። ቱቦዎቹን ዳሰሰ፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ዓይኑ ፓምፑ ላይ አረፈ። መዘውሩ ባዶውን ነው።

«ቺንጋው!» አለ ደባልቄ። «አላሰርኩትም። ወንዙ ዳር ጥዬዋለሁ፤ ሮጬ ላምጣ…»

ሙርሳል አንገቱን ተመለከተ። እጁን በዝናብ ልብሱ ውስጥ ሰደደና ጥቁሩን ጎማ ሳበ።

«ይህ ምንድነው?»

ደባልቄ ጎማውን ከአንገቱ አወለቀ።

«ጠዋትም አየሁት» አለ ሙርሳል። «ማተብህ መስሎኝ።»

ሁለቱም አልሳቁም። ሙርሳል ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ሞተሩ ተንደረደረ። ደባልቄ ክንዱን ያዘው።

«አይሆንም! ብረቱ ግሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ አንደርስም።»

«ስንት ይቆያል?»

«አንድ ሰዓት። ምናልባት ከዚያም በላይ።»

«አንድ ሰዓት!» ሙርሳል ጀሪካኑን ጭቃው ላይ ወረወረው። «እግሩ ይሞታል አለች! ለመኪና ነው የምታዝነው አንተ? ሁለት ዓመት ስታጥበው አየንህ! እህቴ ሴት ነው፣ ብረት አይደለም!»

ደባልቄ የሚመልሰው እውነት ነበረው። የተሰነጠቀ ሞተር ማንንም አያደርስም። ግን ክንዱን ሲይዘው መጀመሪያ የታየው ሀምዲያ ነበረች ወይስ ብረቱ? ራሱን ጠየቀ፤ ያገኘው መልስ አላስደሰተውም። ቺንጋውን አሰረ። እጁ ትኩሱ ብረት ላይ ተልጦ ቆዳው ቀረ፤ አልተሰማውም። ወደ ኋላ ሄዶ ሸራውን ገለጠ። ፋሻው ላይ 5፡30። ሰዓቱ ሰባት ተኩል። ሀምዲያ ዓይኗን ጨፍናለች።

ጠበቁ። ዝናቡ ኮፈኑ ላይ እየወረደ ቸስ ቸስ ይላል። ሙርሳል ጭቃው ላይ የቀትሩን ስግደት ሰገደ። ደባልቄ ጎማው ላይ ተደግፎ ውዳሴ ማርያምን በልቡ ጀመረ፤ ጨረሰ፤ እንደገና ጀመረ። በየመሐሉ ብረቱን በእጁ ጀርባ ይነካል።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ውሃውን በጠብታ ጨመረ። ሞተሩ ተነሳ፣ ግን አጉል ሳል እየሳለ። የሞተሩ የላይኛው ክዳን በትኩሳቱ ጣመም ብሏል፤ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል። እንዲህ እየታመመች ከነዳት ውስጧ ተበልቶ ያልቃል፤ ማቆም፣ መፍታት፣ በሌላ መኪና መጎተት ነበረበት። ማንጎው ሥር ሌላ ሰው እንዲህ ነዳ ቢባል ምን እንደሚል ያውቃል። ማርሽ አስገባና ነዳ። በየአራትና አምስት ኪሎ ሜትሩ ሙርሳል ወርዶ ከቦይ ውሃ ይቀዳል፤ ደባልቄ ይሞላል፤ ይሄዳሉ። ሞተሩ ብረት በብረት እየፈጨ ይጮሃል። አሁን ሁሉንም ይሰማል።

አሶሳ ሆስፒታል በር ላይ ሲቆሙ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ሐኪሙ ፋሻውን አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«ከአምስት ተኩል ጀምሮ ነው የታሠረው?»

«አዎ» አለ ደባልቄ።

እግሯ ያን ምሽት ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ሀምዲያ ተረፈች።

ደባልቄ ስምንት ቀን ሆስፒታሉ በር ድረስ እየሄደ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን ገባ። አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። ሙርሳል አልነበረም።

«ቁጭ በል» አለችው።

ተቀመጠ።

«ሙርሳል ወንዝ ሞልቶ ነው አለኝ» አለች። «የቆየነው በወንዝ ነው አለ። እውነት ነው?»

መውጫው ተከፍቶለታል። ሙርሳል ነው የከፈተለት። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው።

«ወንዙ አይደለም» አለ ደባልቄ። «እኔ ነኝ። ማዶ ስወጣ ማሰር የነበረብኝን ሳላስር ነዳሁ። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ረሳሁት። ያ ባይሆን በሰዓቱ እንደርስ ነበር።»

ሀምዲያ ፊቱን አየችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ተኝቼ ነበር እንጂ አልሞትኩም። ሁሉ ሰማሁ። አንተ ትናገራለህ ወይ ብዬ ነው።»

ደባልቄ ራሱን ደፋ።

«ይቅር አላልኩም» አለች።

«እኔም ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

«እሺ።» አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከአልጋዋ የሚታያት የግድግዳው ቀለም ብቻ ነው። «ሙርሳል ነገ መንጌ ይሄዳል፤ ልጆቼን ያያል። ነርሶቹ ብዙ ሥራ አለባቸው። እኔ ደጅ ማየት እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ና፣ ተሸክመህ እዚያ አስቀምጠኝ። ዝም ብለህ ግን። ወሬ አልፈልግም።»

ደባልቄ በማግስቱ ዝናቡ ሳያባራ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ አቅፎ አነሳት፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጣት። እስኪመሽ አብሯት ተቀመጠ፤ አንዲት ቃል አልተናገረም።