የማይገማው ቃጫ

«አቦ ሳሕራ፣ ምን ያስነፈንፍሻል? ጠቁሯል አይደል? በቃ!» አለች ዱኒያ፣ የቃጫውን ጥቅል ልትነጥቃት እየሞከረች።

ሳሕራ ግን አፍንጫዋን ደግማ አስጠጋች። ያቺው ሳሕራ፣ ከሦስት ቀን በፊት ከአንጥረኛው ከጋሽ አዩብ ሱቅ ጀርባ ያለውን ቦይ ገና ስታየው ቁርሷን ያስመለሳት! አይፈረድባትም። ጌጥ የታጠበበት አሲድ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የበሰበሰ ሽንኩርትና አንዲት ያበጠች አይጥ እዚያ አብረው ይኖራሉ። ላዩ ላይ ያለው ቅባት እንደ ንፍጥ ይለጠጣል።

የሁለቱ የሳይንስ ሥራ ግን እዚያው ነው። በሂና ቅጠል የተቀቀለ ቃጫ ፍሳሹ ውስጥ ሦስት ቀን ከቆየ፣ ከጌጡ ታጥቦ የወረደውን ብር ይይዛል፤ ሲይዝም ይጠቁራል። ብር ሲባል ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ ነው፤ ይህን ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የዚያን ቀን ሳሕራ ስትሸሽ ዱኒያ «መንከሩን ለእኔ ተይው» አለቻት። ነገ ደግሞ የሳይንስ መምህራቸው ቲቸር ዓብዩ ለከተማው ውድድር የሚያልፈውን ሥራ ይመርጣል።

«ዱኒያ፣ ይሄ እኮ አይገማም።»

«አጥቤው ነዋ!»

«ሙሽራ ሙሽራ ነው የሚሸተው።»

ዱኒያ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ዘገየች እንጂ። ጣቶቿ በእህቷ የሰርግ ጥቁር ሂና ተለቅልቀዋል።

«እሺ፣ ቀባሁት! አይጧ ጥርሷን አግጣ እያየችኝ እጄን ልክተት? ወላሂ፣ አንቺስ ሸሽተሽ የለ? ቲቸር ዓብዩ እንደሆነ ከለሩን እንጂ ሽታውን አያይ።»

እውነቷን ነው፤ ሳሕራ ሸሽታለቻ! የተረፈውን ያልተነከረ ቃጫ ከፌስታሉ አወጣችና ወደ ቦዩ ሄደች።

«ነገ እኮ አይደርስም! ይስቁብናል!» አለች ዱኒያ እየተከተለቻት።

«ይሳቁ።»

ሳሕራ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተች። ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያስጠላው። አንድ የሚያዳልጥ ነገር በጣቶቿ መሃል ሾለከ። ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን መልሳ ዋጠችና ቃጫው የተንጠለጠለበትን ክር ቦዩ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር አሰረችው።

ዱኒያ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፣ በሌላው እጇ የሥራቸውን መመዝገቢያ ደብተር ገለጠች። «የተነከረበት ቀን... ስንት ልበል?»

«የዛሬውን ጻፊ» አለች ሳሕራ።