ድኩላውን መጀመሪያ ያቆሰለው

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፣ ወሩ ጥር ነበር። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ውርጭ። ጨረቃ የለም። እናንተ ሳትወለዱ፣ እኔም ሳልወለድ ነው። ስሙ፤ ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ዘርጋው የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ አራስ ነበረች። የሚያበላት ሥጋ አጣ። ነፍጡን ይዞ ወደ ገደሉ ሊወርድ ሲል የሚስቱ ወንድም ምትኩ በር ላይ አገኘው።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ነገ አብረን እንወርዳለን። ዛሬ ጎመን ትብላ። ጎመን በጤና ሲባል አልሰማህም?»

«አራሷ እህትህ ናት። ጎመኑን አንተ ብላው።»

«እሺ አማቼ፣ ሂድ። ገደሉ እንደኔ አይለምንህም።»

ወረደ። መንገዱ አንድ ነው፤ በግራ ዐለት፣ በቀኝ ገደል። ፀሐይ ስትጠልቅ ድኩላ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ያን ጊዜ ነፍጥ እንደ ዛሬው ጠመንጃ አይደለም። ባሩዱን በአፈ ሙዙ ታፈሳለህ። እርሳሱን ትጨምራለህ። በዘንግ ትጠቀጥቃለህ። ከዚያ የፈትሉን እሳት እፍ ትላለህ። ከሳትክ አውሬው እስክታጎርስ ቆሞ አይጠብቅህም። ዘርጋው አልሳተም። ድኩላው ወደቀ። ሳይባረክ የሞተ ሥጋ አይበላምና ካራውን መዞ ሮጠ። በስመ አብ ብሎ አረደው።

ሲገለብጠው ሌላ ቁስል አየ። የሱ እርሳስ የገባው በቀኝ ነው። ይኼኛው በግራ ነው። ደሙ ገና ይወርዳል።

ማን ተኮሰ? ከራሱ ተኩስ ሌላ ሰምቷል? አልሰማም።

የአዳኝ ሕግ አለ። አውሬውን መጀመሪያ ያቆሰለው ባለቤቱ ነው። የሌላ ሰው ቁስል ያየ አዳኝ ጮኾ ይጠራል፤ መልስ ካጣ ብቻ ይወስዳል። ዘርጋው ይህን ያውቃል። ግን መሸበት። አራሷም ትጠብቀዋለች። ሳይጠራ ድኩላውን ተሸከመና መንገድ ጀመረ።

ሄደ፣ ሄደ። አንድ ቦታ ደረሰ። መሬቱ ደም ነው። ያረደበት ቦታ ነው።

እንደገና ሄደ። እንደገና እዚያው ደረሰ። አንድ መንገድ ብቻ ያለበት ቦታ ሰው መንገድ ይጠፋዋል? አይጠፋውም። እሱን ግን ጠፋው።

ያን ጊዜ ድምፅ ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። ዘንግ ነው፣ በአፈ ሙዝ ውስጥ። አንድ ሰው በጨለማው ነፍጥ ያጎርሳል።

«ማነህ?» አለ ዘርጋው።

ቋ። ቋ።

የሱ ነፍጥ ባዶ ነው። ባሩዱን ላፍስ ቢል በጨለማው አፈ ሙዙን ሳተ፤ መሬት ላይ ደፋው። ድምፁ ቆመ። ዘንጉ ሥራውን ሲጨርስ ምን ይቀጥላል? ነግሬአችኋለሁ። ፈትሉ ነው።

ከዐለቱ ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። ያ ሰው እፍ አላት፤ ደመቀች። በብርሃኗ ጥርስ ታየ። ከንፈር የለውም። ከንፈር የሌለው እፍ ይላል? አለ።

ዘርጋው ድኩላውን ጣለ። ያኔ ጮኾ ጠራ።

«ድኩላውን መጀመሪያ ያቆሰለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስከተለው ከገደሉ ወደቅሁ። ብቻዬን ነበርኩ። የጠራኝ የለም።»

«ያንተ ነው፤ ቆዳውንም ሥጋውንም ውሰድ። እኔን ልቀቀኝ፤ አራስ አለችኝ።»

«እኔም አራስ ነበረችኝ።»

ቀይዋ ነጥብ ወደ ደረቱ ዞረች።

ምን ያድርግ? ቢሮጥ መንገዱ አይለቀውም። ቢቆም ይተኮስበታል። ይህ ሰው ሥጋ አይበላም፤ ቆዳም አይለብስ። ታዲያ እዚያ ገደል ውስጥ የወደቀ ሰው ምን ይፈልጋል? ዘርጋው እሱ ራሱ እዚያ ወድቆ ቢሞት የሚፈልገውን አሰበ።

ነፍጡን አስቀመጠ። ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈ። ወደ ነጥቧ እየዳኸ ሄደ። ነጥቧ ጠፋች። በጨለማው እየዳሰሰ አጥንቱን ለቀመ፤ ረጅሙን፣ አጭሩን፣ የራስ ቅሉንም። ጋቢውን ቋጥሮ አዘለ። ድኩላውን ለጅብ ተወው።

አቀበቱን ሲጀምር ያዘለው ሰው ከጆሮው ሥር እንዲህ አለው፦

«ቀስ ብለህ ውጣ። ዳግመኛ እንዳልወድቅ።»

ዘርጋው ዞር አላለም። ቋጠሮውን አጥብቆ ያዘና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አዝሎት ወጣ።