ሬሳው ሳይገኝ የወጣ ዜና

ሟቹ ከወደቀው መሰላል ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። አጠገቡ ከካርቶኑ ያልወጣ አምፖል ተቀምጧል። መርማሪዋ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች።

«መብራቱን ማን አበራው?»

«ማንም። በሩን ከፍቼ ስገባ በርቶ ነበር» አለች የሟቹ ታናሽ እህት።

«የሚበራ አምፖል ሊቀይር መሰላል የሚወጣ ሰው የለም። አደጋ ያስመሰለው ሌላ ሰው ነው።»

እህትየው ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ቢሮው ስለ ሕፃናት ጤና የሚጽፍ ድረ ገጽ የሚዘጋጅበት ነው። ልጃቸው ያተኮሰባቸው እናቶች ያነቡታል። ሟቹ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ሲነኩ ወደ ሌላ ገጽ መውሰድ ያቆሙ ሊንኮችን እያደነ፣ ለባለቤቶቹ «ይህኛው ሞቷል፤ ስለዚሁ ጉዳይ እኛም ጽፈናል፤ አንብባችሁ ከወደዳችሁት በእኛ ተኩት» ብሎ በትሕትና ይጽፍ ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የወላጆች ማኅበሩም እንዲህ ቀስ በቀስ አንባቢዎቻቸውን ወደ እሱ ድረ ገጽ መጠቆም ጀመሩ። ከእሱ ጋር ድረ ገጹን የሚያዘጋጁት እህቱ፣ ቴክኒሻኑና ሁሉም «ፈጣኑ» የሚሉት ሸሪኩ ብቻ ናቸው።

«ትናንት ማታ ስትጮሂ ጎረቤቶች ሰምተዋል» አለች መርማሪዋ።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ። ስለ ትኩሳት በጻፍኩት ገጽ ላይ የአጭበርባሪ ሽሮፕ ሻጮች ሊንክ ተለጥፎ አገኘሁ። አንዷ እናት ሽሮፑን ገዝታ ልጇ ሆስፒታል ገብቷል። ያስገባው ወንድሜ መስሎኝ 'ነፍሰ ገዳይ' አልኩት። 'እኔ አይደለሁም፣ ማን እንደሆነ አጣራለሁ' አለኝ። በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።»

የመርማሪዋ ስልክ ጠራ። አለቃዋ ነበር። «ቁልፍ አላት፣ ተጣልታዋለች። እሰሪያትና ጨርሺ።»

«የሚያልቀው ሲያልቅ ነው፣ ጌታዬ» ብላ ዘጋችው። ደሟ ፈልቷል። ወደ እህትየው ዞረች። «ወለሉ ለምን አልተጠረገም?»

«የጽዳት ሠራተኛችን ታማ ቀርታለች። ጠዋት ደውላ ነገረችኝ። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ የምትገባው እሷ ናት። ብትመጣ ኖሮ ረፋድ ላይ እኔ እስክመጣ እንዲህ ወድቆ አይቆይም ነበር።»

ፈጣኑ ዓይኑን እያሻሸ ገባ። «ወይ ወንድሜን! እህቱ ደውላ ስትነግረኝ እግሬ ከዳኝ። እያለቀስኩ የኀዘን መግለጫውን ጻፍኩና በድረ ገጻችን አወጣሁ። ስንቱ እንደተቀባበለው አይተዋል?»

«ጎብኚው ጣሪያ ነክቷል» አለ ተከትሎት የገባው ቴክኒሻን አንገቱን ደፍቶ።

መርማሪዋ ከቴክኒሻኑ ኮምፒውተር ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰዉ ከየትኞቹ ድረ ገጾች እየተላከ እንደመጣ አሳየኝ።»

አንድ በአንድ እየከፈተች አነበበች። የወላጆች ማኅበሩ ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ስልክ ደወለች።

ስትመለስ ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ይህ የኀዘን መግለጫ እህቱ ሬሳውን እንዳገኘችው ይላል። የወጣበትም ሰዓት እሷ ከደወለች በኋላ እንደሆነ ያሳያል። እስካሁን እውነት ይመስላል። የወላጆች ማኅበሩ ግን ከሊንኩ በላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ስሙ፦ 'የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ ጠዋት ስትገባ ሞቶ አገኘችው።'»

«ማኅበሩ ተሳስቶ ይሆናላ!» አለ ፈጣኑ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«የጻፈችውን እናት አነጋግሬያታለሁ። ቃል በቃል የቀዳችው ከእናንተ ገጽ ነው። ሊንኩን የለጠፈችው ደግሞ ልጆቿን ትምህርት ቤት ከማድረሷ በፊት ነው። የዚያን ጊዜ እህቱ ገና ቤቷ ነበረች፣ በሩም አልተከፈተም ነበር። ታዲያ መሞቱን ማን ያውቅ ነበር?»

መርማሪዋ ወደ ፈጣኑ ዞረች።

«የገደለው ብቻ! ሠራተኛዋ ጎህ ሲቀድ እንደምትገባ ታውቃለህ፣ መታመሟን ግን አታውቅም። አግኝታዋለች ብለህ ዜናውን ለቀቅክ። ዜና ቀድሞ ወዳወጣው ሁሉም ይጠቁማል፤ ሥራህ ይኸው ነው። ጥቂት መታገሥ እንኳ አቃተህ! እህቱ ስትደውል ክው ብለህ ቃሉንም ሰዓቱንም ለወጥክ። የራስህን ገጽ ማረም ትችላለህ። በሰው ገጽ የተጻፈውን ግን እጅህ አይደርስበትም።»

«እኔ ባልኖር ድረ ገጹን ማን ያነበው ነበር?» ፈጣኑ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «እሱ ለአንዲት ሊንክ ወር ሙሉ ይለማመጣል! እኔ ከሽሮፕ ሻጮቹ ጋር ሊንክ ተለዋወጥኩ፤ እነሱ ለእኛ፣ እኛ ለእነሱ። ጎብኚያችን በእጥፍ አደገ! ትናንት ማታ ደርሶበት ጠራኝ። ነገ ለሕዝብ እናገራለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ አለኝ። ገፋሁት... ከመደርደሪያው ጋር ተጋጨ...»

እህትየው ብድግ አለች። «በእኔ ጽሑፍ ላይ ለጥፈህ፣ በእኔ አፍ አሰደብከው! ስድቤን ይዞ ነው የሄደው፣ ሰማህ? ስድቤን ይዞ!»

መርማሪዋ ካቴናውን አጠለቀችለት። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ። «የኀዘን ገጹን እንዳታጠፋው። እንዲህ ያለ ጎብኚ አግኝተን አናውቅም።»

«አፍህን ዝጋ!» መርማሪዋ ገፍታ አስወጣችው።

እህትየው ወንድሟ ይሠራበት ከነበረው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።

«ለማስረጃ የሚሆነውን ለፖሊስ ገልብጠሃል?»

«ገልብጫለሁ» አለ ቴክኒሻኑ።

«የሽሮፕ ሻጮቹ ሊንኮች ያሉባቸውን ገጾች ክፈትልኝ።»

«እኛ የነሱን ስናነሳ እነሱም የኛን ያነሳሉ» አለ ቴክኒሻኑ እየፈራ። «ጎብኚው በግማሽ ይወርዳል፣ እህቴ።»

የመጀመሪያውን ሊንክ ሰረዘችው።

«ይውረድ» አለችው ዞር ሳትል። «ቀጣዩን አሳየኝ።»