በጥልቂት ስም

በመናሪት ሐይቅ ላይ ጥልቂቶች ጠለቁ፤ አልወጡም። የሐይቁ ሰዎች ዳር ላይ ቆመው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ውሃው ራሱ እየሸሸ ሄደ እንጂ አንዲት ወፍ ብቅ አላለችም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። የዛርጎን ንጉሥ ሐርሞድ የሐይቁ ነፍስ ያደረበትን የመጀመሪያውን የጥልቂት እንቁላል ከተንሳፋፊ ጎጆው አሰርቆ ወስዷል። እንቁላሉን የያዘ መንግሥት አይሰጥምም ብለውታላ!

ጥልቂት ከጡጫ ብዙ የማትበልጥ ጠላቂ ወፍ ናት። በዛርጎን ግን በስሟ ያልተጠራ ነገር አልነበረም፤ የጥልቂት ዙፋን፣ የጥልቂት በር፣ የጥልቂት ጦር። በጦሩ ጋሻ ላይ የተሳለችው ወፍ የንስር ጥፍር አላት። ሠዓሊው አንድ ቀን እንኳ ወደ ሐይቅ ወርዶ አላያትማ! ስሟን አንግሠው እሷን ቤት አሳጧት። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት የት ይገኛል?

ወጣቷ ጠላቂ ሜራዳ ይህን መሸከም አልቻለችም። የእናቷን ወንድም ዶርሳንን ይዛ ተነሣች። ዶርሳን በጥልቂት ጦር ውስጥ አርጅቶ የተመለሰ፣ ደረቱን የሚያፍነው ሰው ነው። የጭስ ተራራውን ተሻገሩ፤ ድምፅ የሚሰርቀውን ረግረግ ቃል ሳይተነፍሱ አለፉ፤ ከዙፋኑ ፊትም ቆሙ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የሰረቁትን ይመልሱ!» አለች ሜራዳ።

ንጉሡ ሣቀ። «እንቁላሉ ከዙፋኔ ሥር ካለው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አጉርሞ የሚባል ዘንዶ ይጠብቀዋል። ጠልቀሽ ካወጣሽው ያንቺ ነው፤ በዘውዴ እምላለሁ። ካቃተሽም እዚያው ቅሪ።»

በሐይቁ ሰዎች ዘንድ ማንም ብቻውን አይጠልቅም። ገመዱን የያዘው ሰው አብሮ ትንፋሹን ይይዛል፤ ያ ትንፋሽ በገመዱ ወርዶ ለጠላቂው ይደርሳል። ያዡ ሲያቅተው ገመዱን ይስባል፤ ጠላቂውም ሁሉን ትቶ ይወጣል።

«አጎቴ፣ ሲያቅትዎ ይሳቡኝ» አለች። «ይማሉልኝ።»

«በይ ውረጂ፣ ልጄ» አላት እንጂ አልማለም።

ከታች ድቅድቅ ጨለማ ነበር። አጉርሞ አፉን ከፍቶ ሲመጣባት በሆዱ ሥር ሾልካ አለፈች። እንቁላሉ ያለበትን የብረት ሳጥን አገኘች፤ ክዳኑ ግን እንቢ አላት። ስትታገለው ቆየች፤ ትንፋሽ አልጎደላትም። የአጎቷን ደረት ታውቀዋለች፤ እስካሁን ሊስባት ይገባ ነበር። ፈራች። ክዳኑን በቢላዋዋ ፈልቅቃ እንቁላሉን ጉያዋ ከተተችና ወደ ላይ ተወነጨፈች።

ዶርሳን ገመዱን በክንዱ ላይ ጠምጥሞ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጧል። አልሳበም። ሞቷል።

ንጉሡም ከዙፋኑ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ ተናገረ። «ይህ ጀግና ነው! አዲሱ ግንብ በስሙ ይጠራ፤ የዶርሳን ግንብ!»

«አይጠራም!» ስትል ሜራዳ ጮኸች። «የወፏን ስም ወስዳችሁ ወፏን አጠፋችሁ። የአጎቴን ዕድሜም ወሰዳችሁ። ስሙን ግን አትነኩትም፤ ከእኔ ጋር ይሄዳል!»

መሐላ መሐላ ነውና የከለከላት አልነበረም። አስከሬኑንና እንቁላሉን ይዛ ተመለሰች። እንቁላሉ ጎጆው ውስጥ በተቀመጠ ጊዜ ውሃው ዳሩን ሞላ፤ ጥልቂቶችም አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ሕዝቡ እልል ሲል እሷ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሜራዳ አትጠልቅም፤ ገመድ ያዥ ሆናለች። ገና ደኅና ትንፋሽ እያላት ትስባለች። ወጣቶቹ ጠላቂዎች ያዝነውን ሁሉ አስጣለችን እያሉ ያጉረመርማሉ።

ያጉረምርሙ!